ቴራፒ ከመጀመራችሁ በፊት፦ ክፍያው፣ ሚስጥሩና ይሉኝታው

ኮሌጆች ለተማሪዎቻቸው የሚሰጡት ነጻ የካውንስሊንግ አገልግሎት ብዙ ጊዜ ገደብ አለው። ከጥቂት ቀጠሮዎች በኋላ፣ አንዳንዴም ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «የእናንተ ጉዳይ ረዘም ያለ ክትትል ስለሚፈልግ ውጭ የግል ቴራፒስት ብትፈልጉ ይሻላል» ይሉና የስም ዝርዝር ይሰጧችኋል። ከተመረቁ በኋላ ደግሞ ያ ነጻ አገልግሎት ራሱ ያበቃል። ዝርዝሩን ይዞ ወደ ዶርም የተመለሰ ተማሪ ለማን መደወል እንዳለበት፣ ስንት እንደሚያስከፍሉት፣ ወረቀቱ ወላጆቹ ቤት ይድረስ አይድረስ አያውቅም። ሳምንት ሳምንትን ይወልድና ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ ቴራፒ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ክርክር አያነሳም። የተጻፈው ለመጀመር ለወሰነ ወይም እያሰበበት ላለ ሰው ነው። ከዚህ በታች የምታነቧቸው ነገሮች አብዛኞቹ በአንድ መንገድ ይፈታሉ፦ ቀድሞ በመጠየቅ። ለእኛ የሚከብደውም እሱ ነው። ባለሙያን «ስንት ታስከፍላለህ? ፈቃድህ የምንድን ነው? እንደኔ ያለ ሰው አክመህ ታውቃለህ?» ማለት ድፍረት ሆኖ ይታየናል። ይሉኝታ ይይዘንና ዝም እንላለን፤ በኋላ ቢሉ ሲመጣ ደግሞ ሳንሰናበት እንጠፋለን። እዚህ አሜሪካ ግን ቴራፒስቶች እነዚህን ጥያቄዎች የለመዷቸው ናቸው። እንዲያውም ስለ ክፍያና ስለ ሚስጥር ገደብ ለደንበኛቸው አስቀድመው የማስረዳት የሙያ ግዴታ አለባቸው።

ማን ምንድን ነው?

«ቴራፒስት» የሚለው ስም ብዙ ዓይነት ባለሙያዎችን ይይዛል። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል፤ ብዙዎቹም ቀጠሯቸው አጠር ያለና መድኃኒቱን ለመከታተል የሚውል ነው። ሳይኮሎጂስት በዶክትሬት ደረጃ የሠለጠነ ሆኖ የንግግር ሕክምናና እንደ ትኩረት ማጣት ላሉ ችግሮች ምርመራ ይሰጣል፤ ከጥቂት ስቴቶች በስተቀር መድኃኒት አያዝም። ክሊኒካል ሶሻል ዎርከር፣ ፕሮፌሽናል ካውንስለር፣ የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስት የሚባሉት ደግሞ በማስተርስ ደረጃ ተምረው፣ ለረጅም ሰዓታት በሌላ ባለሙያ ሥር ሠርተውና ተፈትነው ፈቃድ ያገኙ ናቸው። በግል ቢሮ የምታገኟቸው አብዛኞቹ ከእነዚህ ወገን ናቸው። ለሐዘን፣ ለጭንቀት፣ ለቤተሰብ ጣጣ «ዶክተር» የሚል ማዕረግ ያለው ሰው ብቻ መፈለግ አያስፈልግም።

እያንዳንዱ ስቴት የባለሙያዎችን ፈቃድ የሚቆጣጠር ቦርድ አለው። በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ስም አስገብታችሁ ፈቃዱ የሚሠራ መሆኑን፣ ቅጣት ካለበትም ማየት ትችላላችሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፈቃዱን ገና ያላገኘና በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር የሚሠራ ቴራፒስት ካጋጠማችሁ አትሽሹ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ማን እንደሚቆጣጠረው መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው። «ላይፍ ኮች» የሚል ስም ግን ማንም ያለ ፈቃድ ሊጠቀምበት ይችላል። ሕክምና አይደለም፤ ኢንሹራንስም አይከፍልበትም።

የት ይፈለጋል?

የመጀመሪያው በር የኢንሹራንሳችሁ ድረ ገጽ ላይ ያለው ዝርዝር ነው። ብዙ ጊዜ ያረጀ ስለሆነ ግን ተዘጋጁ፤ አንዱ ሥራ ለቅቋል፣ ሌላው አዲስ ሰው አይቀበልም፣ ሦስተኛው ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ለአንድ ሰው ጽፎ መልስ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው በአንድ ቀን ኢሜይል ላኩ። ስለ ሕይወታችሁ ታሪክ መጻፍ አያስፈልግም። የመጣችሁበትን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የኢንሹራንሱን ስም፣ የሚመቻችሁን ሰዓት፣ በአካል ወይስ በቪዲዮ እንደምትፈልጉ፣ አዲስ ሰው ይቀበሉ እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል።

ሁለተኛው በር እንደ «ሳይኮሎጂ ቱደይ» ያሉ ማውጫዎች ናቸው፤ በከተማ፣ በክፍያ፣ በሚናገሩት ቋንቋም መፈለግ ይቻላል። ሦስተኛው ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ወይም ካውንስሊንግ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተዳድሩት የሥልጠና ክሊኒክ ነው፤ የሚያክሙት በመምህራን ክትትል ሥር ያሉ ተማሪዎች ስለሆኑ ዋጋው አነስተኛ ነው። «ኦፕን ፓዝ» የሚባለው ድርጅት ደግሞ አንድ ጊዜ የአባልነት ክፍያ ከፍላችሁ በቅናሽ ከሚያክሙ የግል ቴራፒስቶች ጋር ያገናኛል።

ብዙ ቴራፒስቶች ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በነጻ በስልክ ያነጋግራሉ። ያን ጊዜ ችግራችሁን ለመዘርዘር ሳይሆን ለመጠየቅ ተጠቀሙበት፦

• ፈቃድህ ምንድን ነው? በየትኛው ስቴት ውስጥ ነው የሚሠራው?
• እኔን የሚመስል ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው አክመህ ታውቃለህ? እንዴት ነው የምትሠራው?
• የእኔን ኢንሹራንስ ትቀበላለህ? ካልሆነ የአንድ ቀጠሮ ዋጋ ስንት ነው? ለተማሪ ቅናሽ አለ?
• ቀጠሮ ብሰርዝ ስንት ሰዓት ቀድሜ ነው ማሳወቅ ያለብኝ?
• በቀጠሮዎች መካከል ችግር ቢያጋጥመኝ ምን ላድርግ?

ገንዘቡ

በትልልቅ ከተሞች ያለ ኢንሹራንስ አንድ ቀጠሮ ከ100 እስከ 250 ዶላር መጠየቅ የተለመደ ነው። ቀጠሮው «አንድ ሰዓት» ቢባልም ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ነው፤ ቀሪው ለማስታወሻና ለሚቀጥለው ሰው ነው። በየሳምንቱ ስለሚሆን በአንድ ሴሚስተር ስንት እንደሚመጣ ቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል።

በካርዳችሁ ጀርባ ወዳለው የኢንሹራንስ ቁጥር ደውላችሁ ስለ ተመላላሽ የአእምሮ ጤና ሕክምና ጠይቁ። ለመጀመሪያው የግምገማ ቀጠሮ 90791፣ ለ45 ደቂቃ ቴራፒ 90834፣ ለ60 ደቂቃ 90837 የሚሉትን የክፍያ መለያ ቁጥሮች ብትጠቅሱ ትክክለኛ መልስ ታገኛላችሁ። ኮፔይ ስንት ነው? ዲዳክቲብሉ ስንት ነው? ምን ያህሉ ተከፍሏል? ከኔትወርክ ውጭ ላለ ቴራፒስት ትመልሳላችሁ? መልሱን፣ ቀኑንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ የአእምሮ ጤና ሽፋን የሚሰጡ ኢንሹራንሶች ለአካል ሕክምና ከሚጥሉት የጠበቀ የክፍያና የቀጠሮ ገደብ እንዳይጥሉ ይከለክላል።

በኔትወርክ ውስጥና ውጭ ያለው ልዩነት በምሳሌ ይታይ። በኔትወርክ ውስጥ ኮፔይ 25 ዶላር ከሆነ አሥራ ሁለት ቀጠሮ 300 ዶላር ነው። አሁን ከኔትወርክ ውጭ 150 ዶላር የሚያስከፍል ቴራፒስት መረጣችሁ እንበል፤ ኢንሹራንሱ ለአንድ ቀጠሮ 120 ዶላር ብቻ ተገቢ ዋጋ ነው ይላል፤ ዲዳክቲብሉ 500 ዶላር ነው፤ ከዚያ በኋላ 60 በመቶ ይመልሳል። ለአሥራ ሁለት ቀጠሮ ከኪሳችሁ 1,800 ዶላር ትከፍላላችሁ። ኢንሹራንሱ የሚያስበው ግን 1,440 ዶላሩን ነው፤ ከዚያ ላይ 500 ይቀንስና ከቀሪው 940 ዶላር 60 በመቶ፣ ማለትም 564 ዶላር ይመልስላችኋል። በመጨረሻ 1,236 ዶላር የእናንተ ወጪ ሆነ፤ በቀጠሮ 103 ዶላር መሆኑ ነው። «60 በመቶ ይከፍሉልኛል» ብሎ የጀመረ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ስሌት ነው። ገንዘቡ እንዲመለስላችሁ ከቴራፒስቱ «ሱፐርቢል» የሚባለውን ዝርዝር ደረሰኝ መቀበልና ለኢንሹራንሱ መላክ አለባችሁ። የኢንሹራንስ ዓመቱ ሲታደስ ዲዳክቲብሉም ከዜሮ እንደሚጀምር አትርሱ፤ የተማሪ ኢንሹራንስ ከሆነ የሚታደሰው ብዙ ጊዜ በኦገስት ነው።

ኢንሹራንስ ለሌለው ወይም ላለመጠቀም ለወሰነ ሰው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ብዙ ቴራፒስቶች እንደ ገቢ መጠን ዝቅ የሚል ዋጋ፣ «ስላይዲንግ ስኬል» የሚሉትን፣ ለተወሰኑ ሰዎች ይሰጣሉ። «ተማሪ ነኝ፤ በወር እስከዚህ ድረስ መክፈል እችላለሁ» ማለት ልመና አይደለም፤ መልሱ እሺ ወይም ቦታ የለኝም ነው። ሁለተኛው ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከኪሱ የሚከፍል ሰው የጽሑፍ የዋጋ ግምት የማግኘት መብት አለው። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ቢሉ በደረሳችሁ በ120 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይቻላል።

የስረዛ ደንቡንም ሳታነቡ አትፈርሙ። ብዙ ቢሮዎች ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የተሰረዘ ቀጠሮን ሙሉ ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ኢንሹራንስ ደግሞ ላልተገኛችሁበት ቀጠሮ አይከፍልም። ፈተና ያለባቸውን ሳምንታት ሴሚስተሩ ሲጀመር ንገሩ።

ቤት የሚደርሰው ወረቀት

በ2010 የወጣው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጆቻቸው ኢንሹራንስ ሥር እንዲቆዩ ይፈቅዳል። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሕክምና ባገኛችሁ ቁጥር ኢንሹራንሱ የከፈለውን የሚያሳይ «ኤክስፕላኔሽን ኦፍ ቤነፊትስ» የሚባል ደብዳቤ ያዘጋጃል፤ ደብዳቤው በአብዛኛው የሚላከው የኢንሹራንሱ ባለቤት ለሆነው ወላጅ ነው። የባለሙያው ስም፣ ቀኑና ገንዘቡ እዚያ ላይ አለ። እናት ፖስታውን ከፍታ «ልጄ ምን ሆነች?» ብላ ስትደውል ነገሩ ተሰማ ማለት ነው። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ወዲያው አማኑኤል ሆስፒታል በሐሳቧ ለሚመጣባት እናት ድንጋጤው ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ከእነዚህ አንዱን ምረጡ። ኮሌጁ የሚሸጠው የራሳችሁ የተማሪ ኢንሹራንስ ካላችሁ ደብዳቤው የሚመጣው በእናንተ ስም ነው፤ የተመዘገበው አድራሻ የወላጆቻችሁ ቤት አለመሆኑን ብቻ አረጋግጡ። በወላጅ ኢንሹራንስ ሥር ከሆናችሁ «ኮንፊደንሻል ኮሚዩኒኬሽን» የሚባል ጥያቄ በጽሑፍ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ደብዳቤዎቹ ወደ እናንተ ኢሜይል ወይም አድራሻ ብቻ እንዲመጡ ማለት ነው። በፌዴራል ሕግ፣ መረጃው ቢወጣ አደጋ ላይ ሊጥላችሁ እንደሚችል ከገለጻችሁ ኢንሹራንሱ ምክንያታዊ ጥያቄያችሁን መቀበል አለበት። አንዳንድ ስቴቶች ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የአእምሮ ጤና ሕክምና ደብዳቤ በቀጥታ ለታካሚው እንዲላክ ታዝዛለች። የስቴት ሕግ ግን ሁሉንም ኢንሹራንስ ስለማይነካ ደውላችሁ «የእኛን ይመለከታል ወይ?» በሉ፤ ጥያቄው ተቀባይነት ማግኘቱን ሳታረጋግጡም አትጀምሩ።

ሦስተኛው ምርጫ ኢንሹራንሱን ትቶ ከኪስ መክፈል ነው። ይህን የሚመርጡ ሰዎች ሌላም ምክንያት አላቸው፦ ኢንሹራንስ ለመክፈል የምርመራ ውጤት ስም ይፈልጋል፤ ያም በመዝገባችሁ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ «በመዝገቤ ላይ ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከወላጅ ጋር የጋራ የባንክ ሒሳብ ወይም የጋራ የኢንሹራንስ አፕ ካላችሁ ግን በፖስታው በኩል የተዘጋው በዚያ በኩል ክፍት መሆኑን አስቡ።

ሚስጥር እስከ የት ድረስ?

ብዙዎቻችን ያደግነው «ሆድ ይፍጀው» በሚል ምክር ነው፤ የቤት ገመና ውጭ አይወራም። ስለዚህ የማናውቀው ሰው ፊት ተቀምጠን ስለ አባታችን ስናወራ የሚያስጨንቀን ወሬው የት ይደርሳል የሚለው ነው። ሂፓ የተባለው የ1996ቱ የፌዴራል ሕግ የሕክምና መረጃችሁ ያለ ፈቃዳችሁ እንዳይወጣ ይጠብቃል። 18 ዓመት የሞላው ሰው ቴራፒስት ለወላጅ ደውሎ የመንገር መብት የለውም፤ ከፋዩ ወላጁ ቢሆንም። ቴራፒስቱ ለራሱ ለይቶ የሚይዘው የንግግር ማስታወሻ ደግሞ የበለጠ ጥበቃ አለው። ኢንሹራንስ ቀኑን፣ የምርመራውን ስምና የሕክምናውን ዕቅድ ሊያይ ይችላል፤ ስለ እናታችሁ ያወራችሁትን ግን አያይም።

ገደቦቹ ጥቂት ናቸው፤ ቴራፒስቱም በመጀመሪያው ቀን ሊነግራችሁ ይገባል። በራሳችሁ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ከባድና ቅርብ አደጋ ካለ፣ በሕፃን ወይም በደካማ አረጋዊ ላይ የሚፈጸም በደል ከተሰማ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ሚስጥሩ ሊከፈት ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። «አንዳንዴ መኖር ያስጠላኛል» ማለትና «ዛሬ ማታ እንዲህ አደርጋለሁ» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የሚሰማ ቴራፒስት ወዲያው ፖሊስ አይጠራም፤ ይጠይቃል፣ አብሯችሁ የመጠበቂያ ዕቅድ ያወጣል። ይህን ፈርቶ ዋናውን ነገር መደበቅ ነው የሚጎዳው፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለዚህ ነው።

የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለባችሁ፣ በኤፍ 1 ቪዛ ላይ ያላችሁ ወይም ግሪን ካርድ የምትጠብቁ፣ «ወረቀቴን ያበላሽብኛል» ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። ቴራፒስት ለኢሚግሬሽን ሪፖርት አያደርግም። ለግሪን ካርድ በሚደረገው የሕክምና ምርመራ ላይ ሕጉ እንደ እንቅፋት የሚያነሳው በራስ፣ በሌላ ሰው ወይም በንብረት ላይ አደጋ ከሚያደርስ ባሕርይ ጋር የተያያዘ ሕመምን ነው፤ ለሐዘን ወይም ለጭንቀት ቴራፒ መሄድ ብቻውን እዚያ ውስጥ አይገባም። የጥገኝነት ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ጠበቆች እንዲያውም የሥነ ልቦና ግምገማ ሲጠይቁ ይታያል። ስለ ራሳችሁ ጉዳይ ግን ምክር የምትጠይቁት ጠበቃችሁን ነው።

ሀበሻ ወይስ ሌላ?

አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት ማግኘት ብዙ ማስረዳትን ያስቀራል። «ሆድ ባሰኝ»፣ «ሆዴ ተረበሸ» ያላችሁትን በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ብትመልሱት ሰውዬው የሆድ ሕመም መስሎት ምን እንደበላችሁ ይጠይቃችኋል። «ደብሮኛል» የሚለውም ከአሰልቺ ክፍል እስከ ለወራት የቆየ ድባቴ ድረስ ይሸፍናል። ሀበሻው ባለሙያ ይሉኝታን፣ ለአገር ቤት ገንዘብ መላክን፣ የታላቅ ልጅን ሸክም ማስተርጎም አያስፈልገውም።

በሌላ በኩል ኮሚዩኒቲያችን ትንሽ ናት። እንደ ዲሲ አካባቢ ባለ ሰፊ ከተማ እንኳ ቴራፒስቷ የአክስታችሁ የማኅበር ጓደኛ ሆና ልትገኝ ትችላለች። የሙያው ሥነ ምግባር ከሚያክሙት ሰው ጋር ሌላ ቅርበት እንዳይኖር ይከለክላል፤ ስለዚህ በስልኩ ንግግር ላይ የቤተሰባችሁን ስም፣ የምትሄዱበትን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጥቀሱና «ትተዋወቃላችሁ?» በሉ። ለቅሶ ቤት ወይም ገበያ ብትገናኙ ምን እንደምታደርጉም ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ብዙ ቴራፒስቶች እናንተ ቀድማችሁ ሰላም ካላላችሁ በስተቀር የማያውቋችሁ መስለው ያልፋሉ። ያ ንቀት አይደለም፤ ሚስጥራችሁን መጠበቅ ነው።

ሀበሻ ያልሆነ ቴራፒስት ከመረጣችሁ የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ከፊሉ በማስረዳት ያልፋሉ። ለታናሽ እህታችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ መላካችሁን እንደ ችግር ቢያየው «ለእኛ ይህ ግዴታ ብቻ ሳይሆን ክብርም ነው፤ የከበደኝ መጠኑ ነው» በሉት። ጸበል የምትጠመቁ፣ ዱዓ የምታስደርጉ ከሆነም ደብቃችሁ አትያዙት። ጥሩ ቴራፒስት ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አይልም። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን ለጸበል ወይም ለጾም ብሎ መድኃኒቱን ለማቋረጥ ካሰበ ላዘዘው ሐኪም አስቀድሞ ይንገር።

የት ተቀምጣችሁ ነው የምታወሩት?

ዛሬ ብዙ ቀጠሮ በቪዲዮ ነው። ሩምሜት ባለበት ዶርም ወይም ግድግዳው ስስ በሆነ አፓርትመንት እናትና አባት ሳሎን ተቀምጠው እያለ ስለ እነሱ ማውራት አይቻልም። ኮሌጆች በላይብረሪ የሚዘጋ ክፍል ያከራያሉ ወይም በነጻ ያስይዛሉ፤ የቆመ መኪና ውስጥ ሆነው በጆሮ ማዳመጫ የሚያወሩም ብዙ ናቸው።

ከቦታው ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ደንብ አለ። ቴራፒስቱ ፈቃድ ሊኖረው የሚገባው በቀጠሮው ሰዓት እናንተ በምትገኙበት ስቴት ነው። ሚኒሶታ ኮሌጅ የሚማር ተማሪ ለክረምት ዕረፍት ቨርጂኒያ ወላጆቹ ጋ ከሄደ ያው ቴራፒስት ላያክመው ይችላል። ሳይኮሎጂስቶች «ሳይፓክት» በተባለው ስምምነት ከ40 በላይ በሆኑ ስቴቶች ውስጥ በቪዲዮ ማከም የሚችሉበት መንገድ አላቸው፤ ሶሻል ዎርከሮችና ካውንስለሮች ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ የሉም። አዲስ አበባ ለሁለት ወር የምትሄዱ ከሆነም ቀጠሮው ይቀጥላል ብላችሁ አትገምቱ። ከመሄዳችሁ ከአንድ ወር በፊት አንሱት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የመጀመሪያው ቀጠሮ በአብዛኛው ቅጽና ጥያቄ ነው፦ የጤና ታሪክ፣ ቤተሰብ፣ እንቅልፍ፣ መጠጥ፣ ያጋጠሙ ከባድ ነገሮች። «ምንም አልረዳኝም» ብላችሁ አትውጡ፤ ገና መተዋወቅ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን መናገርም ግዴታ አይደለም፤ «ስለዚህ አሁን ማውራት አልፈልግም» ይበቃል።

አንድ ልማዳችን ግን ጊዜና ገንዘብ ይበላብናል። «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ሲባል ምላሳችን ላይ የሚቀድመው «ደህና፣ ተመስገን» ነው። ለሰላምታ ትክክል ነው፤ ቴራፒስቱ ግን እውነት መስሎት ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። ከመግባታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ በዚህ ሳምንት የከበደኝ፣ የተሻለኝ፣ ዛሬ ማንሳት የምፈልገው። ደግሞም በግልጽ የሚለካ ነገር ይዛችሁ ግቡ፤ «መተኛት እፈልጋለሁ»፣ «ከአባቴ ጋር ሳልጮህ ማውራት እፈልጋለሁ» ዓይነት።

ከሦስት ወይም ከአራት ቀጠሮ በኋላ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሰውዬው ያዳምጠኛል? ወዴት እንደምንሄድ አውቃለሁ? መልሱ አይደለም ከሆነ መጀመሪያ ለራሱ ንገሩት። «ይህ አካሄድ እየረዳኝ አይመስለኝም» ማለት ስድብ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ነገሩ የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው። ካልተስተካከለ ሌላ ሰው እንዲጠቁማችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ ይዟችሁ ወር ሙሉ እየከፈላችሁ መመላለስም፣ ስልክ አለማንሳትም ሁለቱም የሚጎዱት እናንተን ነው፤ የጠፋ ሰው በስረዛ ደንቡ መሠረት ቢል ሊከተለው ይችላል።

ቀጠሮ እስኪደርስ ነገሩ ከከበዳችሁ አትጠብቁ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በ988 ቀንና ሌሊት በነጻ መደወል ይቻላል፤ በስልክ ስትደውሉ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ 911 ነው።

ከእኛ በፊት ይህን መንገድ የሄዱ የተመረቁ ወንድሞችና እህቶች በየከተማው አሉ። የትኛው ቢሮ ለተማሪ እንደሚቀንስ፣ የትኛው ኢንሹራንስ ደብዳቤውን ወደ ሌላ አድራሻ እንደላከ፣ ስልኩን ማን እንዳነሳ ለታናናሾቻችሁ ንገሯቸው። እሱን ለመንገር ለምን እንደሄዳችሁ ማውራት አያስፈልግም።